ለእኛ ያልተላከ ድምፅ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከሌክንሂዝ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ውጭ፣ ሣር የበቀለበት አንድ ጠባብ ሜዳ አለ። በሥራ ቀን ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ሰዎችን ያያል። ታጣፊ ወንበር፣ የሻይ ፔርሙስ፣ አጭር መሰላል፣ ክንድ የሚያህል የካሜራ ሌንስ ይዘዋል፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ከደረት ኪሳቸው ወጥቶ ወደ ጆሯቸው የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። ፊታቸው ወደ ሰማይ ቢሆንም ከዓይናቸው ይልቅ የሚሠራው ጆሯቸው ነው። ሰማዩ ገና ባዶ ሳለ አንዱ ብድግ ይላል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ተዋጊ ጄቶች ከደመናው ሥር ብቅ ይላሉ።

ይህን ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ2005 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በሥራ ምክንያት ወደ ሰፎክ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከተማ ልጅ እንደመሆኔ የጄት ድምፅ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነብኝ የሰዎቹ ድፍረት ነው። እኛ ዘንድ የጦር ሰፈር አጥር ሲቃረብ እርምጃ ይፈጥናል፣ አንገት ይደፋል፣ ጨዋታ ይቋረጣል። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች እንዳየሁ ወደ አእምሮዬ የመጣው «አሁን ይታሰራሉ» የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር። የጥበቃ መኪና መጣች። ወታደሩ በመስኮት እጁን አውለበለበላቸውና አለፈ።

ነገሩን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በልቤ ግን ጋሼ እላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ በአፌም እንዲሁ። በጓሯቸው ረጅም ቱቦ ላይ የተገለበጠ የጃንጥላ አጥንት የሚመስል አንቴና ቆሟል። ከአንቴናው የሚወርደው ገመድ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብቶ ከዳቦ መጥበሻው አጠገብ ከተቀመጠ ጥቁር መቀበያ ጋር ይገናኛል። ስካነር ይሉታል፤ አንድ ሞገድ ላይ የማይረጋ፣ ድምፅ እስኪያገኝ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘል ሬድዮ ነው። አንድ ቅዳሜ ሻይ ጠርተውኝ ማዳመጫውን ሰጡኝ። አንድ አብራሪ ለማረፍ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሌላው የቀረውን ነዳጅ ሲናገር ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እንደምንሰማቸው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴት አያውቁም!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እኛ ሻያችንን እንጠጣለን።»

በአካባቢው ሁለት ትልልቅ ሰፈሮች አሉ፤ ሌክንሂዝና ሚልደንሆል። ሁለቱም በስም የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ናቸው፤ በግብር ግን የአሜሪካኖች ናቸው። ሌክንሂዝ የተዋጊ ጄቶች ቤት ነው፤ ሚልደንሆል ደግሞ በአየር ላይ ነዳጅ የሚሰጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች መናኸሪያ። እያንዳንዱ በረራ የጥሪ ስም አለው። የሚልደንሆል ነዳጅ ሰጪዎች ለብዙ ዘመን «ኩዊድ» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ኩዊድ እንግሊዞች ፓውንዳቸውን በቁልምጫ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሰማይ ላይ «ሃያ ሁለት ፓውንድ ነኝ፤ ለማረፍ ዝግጁ ነኝ» የሚል ድምፅ መስማት ለእኔ የማያረጅ ሳቅ ነው።

የጦር አውሮፕላኖች በብዛት የሚነጋገሩት ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ይህ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ከተራራ ጀርባ አይታጠፍም፣ የምድርን ጉብታ አይከተልም። ስለዚህ 30,000 ጫማ ላይ ያለ አብራሪ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ መሬት ላይ ሆኖ የሚመልስለት ተቆጣጣሪ ግን ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ አድማጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው የንግግሩ ግማሽ ነው። መልሱ ይሰማል፤ ጥያቄውን ራሱ መገመት አለበት። የአንዱ ገጸ ባሕርይ ቃለ ተውኔት ተቆርጦ የወጣበትን ድርሰት ማንበብ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን የያዘኝ አውሮፕላኑ ሳይሆን ይህ ጉድለት ነው።

ሌላው ዓለም አጭር ሞገድ ነው። በ11,175 ኪሎኸርዝ የአሜሪካ አየር ኃይል በመላው ዓለም ላሉ አውሮፕላኖቹ ይናገራል። እዚያ አንድ ድምፅ ፊደልና ቁጥር በዝግታ ያነባል፤ ደግሞ ይደግመዋል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ትርጉሙን የሚያውቁት የተላከላቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ እነዚህን ፊደላት ሰምተዋል፤ አንዱንም ለመፍታት ሞክረው አያውቁም። «የሰው ደብዳቤ ነው» ይሉ ነበር። «ፖስታውን አያለሁ፤ አልከፍተውም።»

እኔ ግን ያደግሁበት ቋንቋ አላስተኛኝም። በአማርኛ የሰውን ወሬ አዳምጦ ለሹም የሚያቀብል ሰው ጆሮ ጠቢ ይባላል። ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያስፈራ ነገር በልጅነቴ አላውቅም ነበር። በዚያው ዘመን አባቴ በምሽት በሩን ዘግቶ፣ ሬድዮኑን በጋቢ ሸፍኖ፣ ከውጭ የሚመጣውን የአማርኛ ሥርጭት ያዳምጥ ነበር። የጀርመን ድምፅ በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 በአማርኛ መናገር ጀምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጋቢ ስንት ሬድዮ እንደሸፈነ እግዜር ይቁጠረው። አባቴ ለእሱ የተላከውን ድምፅ ተደብቆ ይሰማ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ ለእሳቸው ያልተላከውን በግላጭ፣ ሻይ እየጠጡ። ይህን ባነሳሁላቸው ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ከመደርደሪያቸው አንድ የተጠረዘ መጽሐፍ አወጡና ስለ አገራቸው አድማጮች ያወሩኝ ጀመር። የኋላውን እኔው ራሴ አንብቤ ደረስኩበት።

በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በትርፍ ጊዜያቸው በሬድዮ የሚነጋገሩትን ዜጎች ማስተላለፊያ መሣሪያ መውሰድ ነበር። ሰላይ ይጠቀምበታል ተብሎ ተሰጋ። ወዲያው ግን ሌላ ሥጋት መጣ። የጀርመን ሰላዮች በእንግሊዝ ምድር ተሸሽገው በሞርስ ወደ አገራቸው ቢያስተላልፉ ማን ይሰማቸዋል? የሠራዊቱ አድማጮች በቂ አልነበሩም። እናም መሣሪያቸውን የተቀሙት እነዚያው ሰዎች እየተጠሩ ምስጢር ጠባቂነታቸውን ፈርመው ወደ መቀበያቸው ተመለሱ። ቁጥራቸው ወደ 1,500 ደረሰ። ፈቃደኛ ጠላፊዎች ተባሉ። ቀን ባንክ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ ውለው ማታ ጣሪያ ሥር ወይም ጓሮ ዳስ ውስጥ ማዳመጫቸውን አድርገው ደካማውን የሞርስ ጭረት ያሳድዳሉ። የሰሙትን በወረቀት ጽፈው በፖስታ ይልካሉ፤ አድራሻው «የፖስታ ሣጥን ቁጥር 25፣ ባርኔት» ብቻ ነው። ጎረቤት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጤነኛ ጎልማሳ ማታ ማታ ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ ግን መጠርጠሩ አልቀረም።

በእንግሊዝ ምድር የሚያስተላልፍ ሰላይ ይገኛል ተብሎ የተጀመረው አደን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። በየሜዳው ተደብቋል የተባለው ሰላይ አልተገኘም ማለት ይቻላል፤ በምትኩ የአብቬር፣ ማለትም የጀርመን ወታደራዊ ስለላ፣ በአውሮፓ ዙሪያ የዘረጋው የሬድዮ መረብ ተገለጠ። የፖስታ ሣጥኑ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የተቋቋመው በለንደን እስር ቤት ውስጥ ነበር፤ እስረኞቹ ወደ ሌላ ተዛውረው በየክፍላቸው የመረጃ ሠራተኞች ተቀመጡበት። ከእነዚህ መካከል ዋልተር ጊል የሚባል የአንደኛው ዓለም ጦርነት የሬድዮ ሰውና ሂዩ ትሬቨር ሮፐር የተባለ ወጣት የታሪክ ምሁር ነበሩ። ሁለቱ በ1940 መጀመሪያ፣ ሥራቸው ማዳመጥ እንጂ መፍታት ባይሆንም፣ አንዱን የአብቬር የእጅ ምስጢራዊ ጽሕፈት በትርፍ ሰዓታቸው ፈቱት። ይህን ማድረግ የሚገባቸው የብሌችሊ ሊቃውንት ደስ አላላቸውም። (ትሬቨር ሮፐር ከጦርነቱ በኋላ የሂትለርን የመጨረሻ ቀናት ጽፎ ዝነኛ ሆነ፤ በ1983 ደግሞ ሐሰተኛውን የሂትለር ማስታወሻ እውነተኛ ነው ብሎ መስክሮ ተዋረደ። ሰው በጆሮው ያተረፈውን በዓይኑ ሊያጠፋ ይችላል።) በ1941 መጨረሻ ብሌችሊ የአብቬርን የኤኒግማ መኪና ጽሕፈት ሲሰብር ጥሬ ዕቃው የመጣው ከእነዚያ የጓሮ ዳሶች ጭምር ነበር።

እነዚህ ሰዎች ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቀደመው ኑሯቸው ተመለሱ፤ አልተናገሩም። ታሪካቸው ወደ ሕዝብ የወጣው ቢቢሲ በ1979 ባሳየው ዘጋቢ ፊልም ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ምስጢሩን ለትዳር ጓደኞቻቸው እንኳ ሳይነግሩ የኖሩ ነበሩ። የአንድ ዘመን ጆሮ ጠቢ ተብለው የሚታሰሩ ሰዎች የሌላ ዘመን ባለውለታ ሆኑ፤ የሠሩት ግን ያው አንድ ሥራ ነው። በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ያልተላከልንን መስማት።

ከሌክንሂዝ በስተ ምዕራብ፣ በኬተሪንግ ከተማ፣ ሌላ የማዳመጥ ታሪክ አለ። እዚያ በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት ጄፍሪ ፔሪ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። በትርፍ መቀበያ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው የሶቪየት ሳተላይቶችን ድምፅ ያዳምጣሉ። መሣሪያው ውድ አልነበረም፤ ሰዓት፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። አንድ ሳተላይት ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚመጣበትን ደቂቃ በየዕለቱ የመዘገበ ልጅ የምሕዋሩን መንገድ በወረቀት ላይ ሊስል ይችላል። በማርች 1966 ኮስሞስ 112 የተባለው ሳተላይት ተመጠቀ። የኬተሪንግ ልጆች መንገዱን ሲስሉት ከምድር ወገብ ጋር ያለው ዝንባሌ 72 ዲግሪ ሆነ፤ ከታወቀው የባይኮኑር ማምጠቂያ ከተነሱት ጋር አይገጥምም። ጠበቁ። ሌሎች ተከተሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኮስሞስ 129 ሲወጣ የመንገዶቹ መሥመሮች ወደ ኋላ ተስበው በአንድ ነጥብ ተገናኙ፤ በሰሜን ሩሲያ፣ ከአርካንጌልስክ በስተ ደቡብ። በኖቬምበር 1966 አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ሶቪየት ኅብረት በይፋ የማታውቀው የጦር ማምጠቂያ ሥፍራ እንዳላት ለዓለም አሳወቁ። ፕሌሴትስክ ነው። ሞስኮ ሥፍራው መኖሩን ያመነችው በ1983 ነው።

የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥፍራ ከዚያ በፊት ከሰማይ ፎቶግራፍ ያውቁት ነበር። ልዩነቱ የእነሱ ዕውቀት በካዝና ተቆልፎ መቀመጡ፣ የልጆቹ ደግሞ በጋዜጣ መውጣቱ ነው። በእነዚያው ዓመታት በእኛው ደጋ ላይ፣ አሥመራ፣ ቃኘው የተባለው የአሜሪካ የማዳመጫ ጣቢያ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ስሙ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተወሰደ ነው፤ ውሉ በ1953 ተፈርሞ ጣቢያው በ1977 ተዘጋ። የከፍታውና የአቀማመጡ ምቹነት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሞገድ ያስያዘው ነበር። የምድሪቱ ባለቤቶች ግን ከምድራቸው ላይ ምን እንደሚሰማ የሚነግራቸው አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት እንዲህ ሲገጥም አይቼ አላውቅም።

በሕግ ፊደል ከሄድን ጋሼም ንጹሕ አልነበሩም። የእንግሊዝ የ1949 የሬድዮ ሕግ ለአድማጩ ያልተላከን መልእክት ሆን ብሎ ማዳመጥን ይከለክል ነበር፤ የ2006 ሕግም ተክቶት ክልከላውን አጸናው። ይሁንና መቀበያው በሱቅ ይሸጣል፤ የሞገድ ዝርዝር የያዘው መጽሐፍ በየዓመቱ ይታተማል፤ ፖሊስ ያልፋል፣ ሰላምታ ይሰጣል። ይህን ዓይነቱን ነገር እኛም እናውቀዋለን፤ በወረቀት የተከለከለ፣ በኑሮ የተፈቀደ። አደጋው የሚመጣው ያንን ልማድ የማያውቅ አገር ውስጥ ሲገባ ነው።

በኖቬምበር 2001 አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ሆላንዳውያን በግሪክ ካላማታ የአየር ኃይል ሰፈር ተያዙ። ወደዚያ የሄዱት የአውሮፕላን ትርኢት ለማየት ነበር። ደብተር፣ የአውሮፕላን ቁጥሮችና የሬድዮ መቀበያ ተገኘባቸው። ወቅቱ ከኒውዮርኩ ጥቃት ሁለት ወር በኋላ ነው። የግሪክ መርማሪዎች ያዩት እኔ በ2005 በመንገድ ዳር ቆሜ ያየሁትን ነው፤ ለምንም የማይጠቅም ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው ለአንድ ነገር ሊጠቅመው ነው። ከአምስት ሳምንት እስር በኋላ በዋስ ተለቀቁ። በኤፕሪል 2002 ስምንቱ በስለላ የሦስት ዓመት እስራት፣ ስድስቱ በረዳትነት የአንድ ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ አሉ፤ በኖቬምበር 2002 ሁሉም ነጻ ወጡ። ጋሼ ይህን ዜና ከጋዜጣ ቆርጠው በደብተራቸው ለጥፈውታል። አልተሳለቁበትም። «ዳኞቹ ሞኞች አልነበሩም» አሉኝ አንድ ቀን። «ቁጥር ለቁጥርነቱ ብቻ የሚወድ ሰው መኖሩን ማን አምኖ ይቀበላል? እኔ ራሴ ለባለቤቴ አስረድቼ አልጨረስኩም።»

እኔ ግን በዚህ አንድ ነገር ከእሳቸው ጋር አልስማማም። የተሰማ ነገር ሁሉ ለምንም የማይጠቅም አይደለም። በማርች 2011 በሊቢያ ላይ የአየር ዘመቻ ሲጀመር፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ለሊቢያ መርከቦች በ6,877 ኪሎኸርዝ «ከወደብ እንዳትወጡ» እያለ ያሰራጨውን ማስጠንቀቂያ አንድ ሆላንዳዊ አድማጭ ከቤቱ ቀድቶ በኢንተርኔት አሰማው፤ የዓለም ጋዜጦች ከእሱ ሰሙ። በሆላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የተጀመረው የኢንተርኔት መቀበያ ደግሞ አንቴናውን ለማንም አበደረ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ስልኩን ከፍቶ በአውሮፓ ሰማይ የሚያልፈውን አጭር ሞገድ ሊያስስ ይችላል። በ2022 የሩሲያ ሠራዊት ወደ ዩክሬን ሲገባ ብዙ ክፍሎቹ በግልጽ ሬድዮ ይነጋገሩ ስለነበር፣ በየአገሩ ያሉ አድማጮች በእንዲህ ያሉ መቀበያዎች ቀድተው አስቀመጡት። የጓሮው ዳስ የዓለም ዳስ ሆነ። በሌላ በኩል የሚሰማው እየጠበበ ነው። ቁም ነገር የሆነው ንግግር በምስጢር ጽሕፈት ይሄዳል፣ ወይም በሰከንድ ውስጥ ሞገድ እየለዋወጠ ይሸሻል፤ በአየር ላይ በግልጽ የሚቀረው ስለ ማረፍና ስለ መነሳት፣ ስለ ነፋስና ስለ ደመና ነው።

የ1986ን ታሪክ እስከ አሁን አቆይቼዋለሁ።

በኤፕሪል 5፣ 1986 በምዕራብ በርሊን አንድ የዳንስ ቤት በቦምብ ጋየ፤ ሁለት አሜሪካውያን ወታደሮችና አንዲት ቱርካዊት ሞቱ። ዋሽንግተን ሊቢያን ተጠያቂ አደረገች። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ሚልደንሆልና ወደ ፌርፎርድ ሰፈሮች ነዳጅ ሰጪ አውሮፕላኖች ይጎርፉ ጀመር። ጋሼ ያኔ የአርባ ዓመት ሰው ናቸው። ኤፕሪል 14 ምሽት ከሥራ ሲመለሱ በአጥሩ ዳር ቆሙ። ሃያ አራት ኤፍ 111 ቦምብ ጣዮች ከሌክንሂዝ ተነሱ። ደብተራቸው ላይ 24 ብለው ጻፉ። ሬድዮው ዝም አለ። ያን ያህል አውሮፕላን ተነስቶ ከነዳጅ ሰጪዎቹ ጋር ሲገናኝ በሌላ ቀን ሰማዩ በወሬ ይሞላል፤ ያን ማታ አንድ ቃል አልነበረም። አብራሪዎቹ ያለ ሬድዮ እንዲገናኙ ታዝዘው ነበር። «የሰማሁት እሱን ነው» ይላሉ ጋሼ። «ዝምታው ልምምድ አለመሆኑን ነገረኝ።»

ከመካከላቸው ስድስቱ ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ከመጀመሪያው የነዳጅ ቅበላ በኋላ ተመለሱ። 6 ተብሎ ተጻፈ። አሥራ ስምንቱ ቀጠሉ። ፈረንሳይና ስፔን በሰማያቸው እንዳያልፉ ስለከለከሉ በፖርቱጋል ዳርቻ ዞረው፣ በጅብራልታር ገብተው፣ ሌሊቱን ትሪፖሊን ደበደቡ። የጉዞው ደርሶ መልስ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ጋሼ ለሥራ ቦታቸው ታምሜያለሁ ብለው ጠዋት ወደ አጥሩ ተመለሱ። አንድ ሁለት እያሉ መጡ። 16 ብለው ጻፉ። እስከ እኩለ ቀን ጠበቁ። ሌላ አልመጣም።

አንዱ ሞተሩ ግሎበት ስፔን፣ ሮታ አርፏል። ሌላው፣ የጥሪ ስሙ ካርማ 52፣ ከሊቢያ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ካፒቴን ፈርናንዶ ሪባስ ዶሚኒቺና ካፒቴን ፖል ሎረንስ ሞተዋል፤ የሪባስ ዶሚኒቺን አስከሬን ሊቢያ የመለሰችው በ1989 ነው። ይህ ሁሉ ኋላ የታወቀ ነው። ያን ጠዋት በአጥሩ ዳር የቆመ ሰው በእጁ ያለው መቀነስ ብቻ ነበር። ከኋላቸው ባለው መንደር የአብራሪዎቹ ሚስቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እያደረሱ ነበር። አንድ ሕፃን በእጇ የያዘች ሴት መኪናዋን አቁማ ወደ እሳቸው መጣች፤ ደብተሩን አየች። «ስንት ተመለሱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ምን አሏት?» አልኳቸው።

«አልቆጠርኩም አልኳት።»

እኔ ይህን ስሰማ በዓይኔ ላይ የመጣችው እናቴ ናት። አባቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን እናቴ ጓሮ ሆና ሽሮ እያበጠረች አውሮፕላኖቹን በጆሮዋ ትቆጥር ነበር፤ ሲሄዱ ስንት፣ ሲመለሱ ስንት። ሲጎድል ወንፊቱን ታስቀምጥና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ማንም አልነገራትም፣ ማንንም አልጠየቀችም። ሁላችንም ሙሉ ሆነው ሲመለሱ ደስ ይለን ነበር። የሄዱበት ቦታ ምን እንዳደረጉ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። በጁን 22፣ 1988 በገበያ ቀን በሐውዜን ላይ የወረደውን የአየር ድብደባ፣ እጅግ ብዙ ገበያተኛ ያለቀበትን፣ እኔ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከአገር ወጥቼ ነው። በትሪፖሊም እንዲሁ በዚያች ሌሊት ከቦምቦቹ የተወሰኑት ቢን አሹር በሚባለው የመኖሪያ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ኤምባሲ አጠገብ ወድቀው ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። መቀበያውን አጠፉት፤ ስንተዋወቅ ከኖርንባቸው ዓመታት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው በእኔ ፊት ያጠፉት። ውሃ ጥደው ሻይ አፈሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፉ ልጃቸው ደብተሮቹን በካርቶን አድርጋ አመጣችልኝ። አርባ አንድ ናቸው። የ1986ቱ አረንጓዴ ሽፋን አለው። የኤፕሪል 15 ገጽ ላይ በእርሳስ፣ በተጠነቀቀ እጅ፣ ሁለት ዓምዶች ተሠርተዋል፤ በአንዱ የወጡ፣ በአንዱ የተመለሱ። ከ16 ሥር በሌላ ቀለም፣ ኋላ የተጨመረ፣ «ሮታ 1» ይላል። ከእሱ ሥር አንድ መሥመር ተሰምሯል፤ ምንም አልተጻፈበትም።